የሚዛን የመጨረሻ አቴንዳንስ

ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ሦስት ሳምንት ቤት ከተኛሁ በኋላ ሥራ በገባሁበት ቀን፣ ዲኑ የምሠራበት መዝገብ ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ዲን ስላችሁ ሽበታም ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እኔ እዚህ ኮሌጅ ስቀጠር እሱ ገና ፊደል ይቆጥር ነበር። በእጁ ቡናማ ፋይል ይዟል። ፋይሉን ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኜ ሳየው አወቅኩትና ክው አልኩ። ምርኩዝ ባልይዝ ኖሮ እዚያው እዘረር ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። «ይህን ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። እኚህን መምህርት እስከ ዛሬ እንዴት ዘለልናቸው?»

እኔ አላስቀመጥኩም። ፋይሉ የሚቀመጠው ታችኛው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ መሳቢያው ይቆለፋል፣ ቁልፉ ደግሞ አንገቴ ላይ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ስገባ እንኳ ነርሷ አውልቂ ብላኝ ተጣልተናል። ደረቴን ዳበስኩ፤ ቁልፉ አለ። ገብቼ መሳቢያውን ሞከርኩት፤ እንደተቆለፈ ነው። ስከፍተው ባዶ ነው።

«ረስቼው ይሆናል» አልኩት ዲኑን። ሌላ ምን እላለሁ?

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ኮሌጃችን ልንገራችሁ። እኛ ጋ ጡረታ የወጡ መምህራን በዓመት አንድ ቀን ለላቀ አገልግሎታቸው ይከበራሉ። ሌላ ቦታ ሜዳሊያ አጥልቆ፣ አጨብጭቦ መሸኘት ነው። እኛ ጋ ግን የቆየ ልማድ አለ፤ ተከባሪው መድረክ ላይ ወጥቶ መጨረሻ ያስተማረውን ክፍል አቴንዳንስ ራሱ ይጠራል። የዱሮ ተማሪዎቹ፣ መላጣውም ባለ መነጽሩም፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረው «አለሁ» ይላሉ። የሞተ ካለ ይጠራል፣ አዳራሹ ለአፍታ ዝም ይላል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ሰው መሀረብ የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው።

የተከባሪዎቹን ዝርዝር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የሂሳቡም፣ የስፖርቱም፣ ሌላው ቀርቶ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው የታሪክ መምህር ሳይቀር ተከብረዋል። የኬሚስትሪ መምህርቷ ብቻ አልተከበሩም። ፋይላቸውን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እንዲህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ ያኔ ግን «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስላለባቸው ነው» እያልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለራሴም ጭምር እዋሽ ነበር።

መምህርቷን ሚዛን ብለን ስም ያወጣንላቸው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን። ከዱቄት ኬሚካል እስከ ተማሪ ሰበብ ሁሉን ይመዝናሉ። ላብራቶሪ ውስጥ በስም አይጠሩንም፤ በተራ ቁጥር ነው። እኔ አሥራ ስምንት ነበርኩ። አጠገቤ የምትቆመው ጓደኛዬ አሥራ ሰባት ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ፎጣ ነበረን። ጠረጴዛችን ከኬሚካል ማስቀመጫው ክፍል የብረት በር ጋር የተጠጋ ነበር። ሥራ ሲያልቅ ሚዛን ከፊት ተቀምጠው አቴንዳንሱን ይከፍቱና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይጠራሉ። አንዴም ቀና ብለው አያዩም። «ፊታችሁን ማየት አያስፈልገኝም፤ በድምፃችሁ አውቃችኋለሁ» ይሉ ነበር። አሥራ ዘጠኛችንም ከመለስን መጀመሪያ የብረቱን በር፣ ቀጥሎ ላብራቶሪውን ይቆልፋሉ።

የአሥራ ሰባትና የእኔ ድምፅ ተመሳሳይ ነበር። እናቴ እንኳ ስልክ ላይ ትሳሳት ነበር። አንድ ልዩነት ብቻ ነበረን፤ አሥራ ሰባት «አለሁ» ስትል ከኋላው ትንሽ ሳቅ ታስከትላለች። ምን እንደሚያስቃት እግዜር ይወቅ። ስትጠራ ያስቃት ነበር፣ በቃ።

ያ ዓርብ፣ የእረፍት ዋዜማ ነበር። አሥራ ሰባት የአሥራ አንድ ሰዓቱን አውቶብስ ይዛ ወደ እናቷ ልትሄድ ነው። ሚዛን አቴንዳንሱን ሳይከፍቱ በፊት ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለችና «በሞቴ መልሽልኝ፤ አውቶብሱ ያመልጠኛል» አለችኝ። ሁላችንም እንደዚያ እናደርግ ነበር። ለጓደኛ ያልመለሰ ተማሪ የለም፤ ያለ ካለ ጓደኛ የለውም። እሺ አልኳትና ጠርሙሶቼን ማጠብ ቀጠልኩ። ዞር ስል የለችም። ሄደች ብዬ ተውኩት። ኮቷ የተሰቀለው የብረቱ በር ውስጥ እንደሆነ ትዝ አላለኝም።

«አሥራ ሰባት።»

«አለሁ» አልኩ።

የሚዛን እስክሪብቶ ከወረቀቱ ሲነሳ አየሁ። ተነቃብኝ አልኩ። ከዚያ ምልክት አደረጉና «አሥራ ስምንት» አሉ።

«አለሁ» አልኩ ደግሜ።

ሰኞ የብረቱ በር ሲከፈት ሞታ ተገኘች። ኮቷን ልታወርድ ስትንጠራራ ሽታው ጣፋጭ የሆነ፣ የሚያደነዝዝ የክሎሮፎርም ጠርሙስ መትታ ጥላለች። ክፍሉ መስኮት የለውም። ሐኪሙ ወዲያው ራሷን ስታለች አለ። በሩ ሲቆለፍ በሕይወት ነበረች ወይስ አልነበረችም ለሚለው መልስ አልሰጠም፤ የጠየቀውም አልነበረም።

ከዚያ መርማሪ ኮሚቴ መጣ። ሚዛን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ጠርቻታለሁ፤ አለሁ ብላኛለች።» ሐኪሙ ራሷን የሳተ ሰው አይመልስም አለ። የኮሚቴው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከእኔ ቀጥሎ የነበረው አሥራ ዘጠኝ፣ ዛሬ ፋርማሲ አለው፣ «አለሁ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ማን እንዳለ ግን አላየሁም» አለ። እኔን «ስትወጣ አይተሻት ነበር?» አሉኝ። «አላየሁም» አልኩ። ይህ እውነት ነው። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እኔም ምላሴን ዋጥኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ያባርሩኛል፣ ያስሩኛል፣ እናቷ ትረግመኛለች ብዬ ፈራሁ። በኋላ ሚዛን ሳያዩ ቆልፈዋል ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። ከላብራቶሪ ተነስተው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት መጽሐፍ ሲደረድሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ስለዚህ የመጨረሻ ክፍላቸው እኛ ሆንን፣ የመጨረሻ አቴንዳንሳቸውም ያ።

ወሬ ደግሞ ወዲያው ተነሳ። አሥራ ሰባት ሞታም መልሳለች ተባለ። ላብራቶሪው ውስጥ እስከ ዛሬ ተማሪ ያንን ቁጥር አይወስድም፤ ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ስምንት ይዘላሉ። ወሬውን እኔ አልፈጠርኩትም። ግን አዲስ ተማሪ መጥቶ «እትዬ፣ እውነት ነው?» ሲለኝ «እንዲህ ይባላል» እለው ነበር። ሙት መለሰች ከተባለ ማን መለሰ ብሎ የሚጠይቅ የለማ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ የመናፍስት ወሬ ሥር ተጠልዬ ኖርኩ።

ዲኑ ፋይሉን ካገኘ በኋላ መመለሻ የለም። «ለዘንድሮ እሳቸው ናቸው» አለ፣ ቆጠብ ያለ ፈገግታውን እያሳየ። ተማሪዎቹን በስልክ የመጋበዙ ሥራ የእኔ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስደውል ዋልኩ። አንዳንዱ በደስታ አለቀሰ፣ አንዳንዱ የልጅ ልጁን ቆጠረልኝ። በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት «ይመጣል»፣ «ትመጣለች» እያልኩ ጻፍኩ። አሥራ ሰባትን ዘለልኩ፤ ምን ቆርጦኝ እጽፋለሁ?

ማታ ከመውጣቴ በፊት ወረቀቱን ለዲኑ ልሰጥ ስል ዓይኔ አረፈበት። በአሥራ ሰባት ፊት «ትመጣለች» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። «ጣ» ስጽፍ እግሯን የማጥፍበት አጣጣፍ ሳይቀር የእኔ ነው። ድካም ነው አልኩ። መድኃኒቱ ነው አልኩ። ወረቀቱን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ ሳየው ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ አለው። ክሎሮፎርም ያሸተተ ሰው ያን ሽታ ያውቀዋል። ወረቀቱን ለዲኑ ሰጥቼ ምርኩዜን እየጎተትኩ ወጣሁ።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መድረክ ላይ የሚለብሱትን ጋወን ልለካቸው ሚዛን ቤት ሄድኩ። ሰው መላክ እችል ነበር። እግሬ ነው የወሰደኝ ብል አታምኑኝም፤ አንደኛው እግሬማ እንኳን ሊወስደኝ ራሱንም አልቻለ።

በሩን የከፈተችልኝ አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ናት። ከውጪው በር ሌላ በቤቱ ውስጥ በር የሚባል ነገር የለም። ማጠፊያዎቹ መቃኖቹ ላይ ዝገው ቀርተዋል፤ በሮቹ ግን ተነቅለዋል። መኝታ ቤቱም፣ ኩሽናውም፣ መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር መጋረጃ ነው። ስመለከት አየችኝና «አክስቴ የሚቆለፍ ነገር አይወዱም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቁም ሳጥኑ እንኳ በር የለውም። እንግዳ ሲመጣ እንሳቀቃለን።»

ሚዛን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። አጥንት ብቻ ሆነዋል። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ደህና ዋሉ ቲቸር» አልኩ።

«አሥራ ስምንት» አሉ። «ድምፅሽ ወፍሯል። ነይ ቁጭ በይ።»

ጋወኑን ስለካላቸው እጃቸውን እንደ ሕፃን ዘርግተው ቆሙልኝ። ትከሻቸው ከመሳሳቱ መዳፌ ውስጥ ገባ። የእህታቸው ልጅ ሻይ ልታፈላ ስትሄድ መጋረጃውን ተመለከቱና «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ከአሥራ ሰባት ጎን ነበርሽ። ስትመልስልኝ ድምፁ ከየት በኩል መጣ?»

«አላስታውስም ቲቸር።»

«እኔ አስታውሳለሁ። ከብረቱ በር በኩል ነው የመጣው። ደግሞ አልሳቀችም። ሁልጊዜ ትስቅ የለ? ያን ቀን አልሳቀችም። አለመሳቋን ሰምቻለሁ፤ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፣ ቀና ብዬ ልይ አልኩና ተውኩት። በድምፅ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ሐኪሙ አልመለሰችም አለ። እሱ ምን ያውቃል? እኔ ሰምቻታለሁ። ከውስጥ ሆና ነው የመለሰችልኝ፣ ነፍሷ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት። እዚህ ነኝ ስትለኝ ምልክት አድርጌ ተነስቼ ቆለፍኩባት።»

እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ የሚጎዳቸው ደብዳቤው ይመስለኝ ነበር፣ መዋረዳቸው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቅረታቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በየሌሊቱ ልጅ እየለመነቻቸው እንደሚቆልፉባት የት አውቄ?

«ቲቸር» አልኩ።

«ልማዱን አውቀዋለሁ» አሉ። «ልጠራት ነው የምመጣው። ሜዳሊያችሁ ምን ያደርግልኛል? አንዴ እጠራታለሁ። ዝም ካለች አርፋለች ማለት ነው። እኔም አርፋለሁ።»

ልነግራቸው አፌን ስከፍት መጋረጃው ተገለጠና የእህታቸው ልጅ ሻይ ይዛ ገባች። ሻዩን ተቀበልኩ። ምላሴ እየተቃጠለ ጠጣሁት፣ ጋወኑን አጣጠፍኩ፣ ቅዳሜ እንገናኝ ብዬ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

መንገድ ላይ ግን ቆረጥኩ። ቅዳሜ አሥራ ሰባት ሲሉ ተነስቼ እቆማለሁ፣ «አለሁ» እላለሁ፣ ያን ቀንም እኔ ነበርኩ እላለሁ። ሁሉ ሰው ይስማ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፣ ለስለስ ያለ። ዝም ብልስ? አሥራ ሰባት ይጠራል፣ አዳራሹ ዝም ይላል፣ ሚዛን አረፈች ብለው እፎይ ይላሉ። እሳቸው ያርፋሉ፣ እኔም አርፋለሁ። ማን ይጎዳል? ይህን ሐሳብ እንዴት እንደወደድኩት አልነግራችሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዬን አዳራሽ ገባሁ። ወንበሮቻችን የሲኒማ ቤት ዓይነት ናቸው፤ ሰው ሲቀመጥበት ይዘረጋል፣ ሲነሳ በስፕሪንግ ታጥፎ ቀጥ ይላል። በየጀርባቸው ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ፊተኛው ረድፍ በተራ ቁጥራችን ነው የምንቀመጠው፣ አሥራ ሰባት ባዶ ይቀራል። ረድፉን ከዳር ቆሜ አየሁት። ሁሉም ታጥፈዋል። አሥራ ሰባት ብቻ ተዘርግቷል።

ስፕሪንጉ ተበላሽቶ ነው ብዬ ሄጄ ወደ ላይ ገፋሁት። ወጣ። እጄን ስለቀው ቀስ ብሎ፣ ሰው ሲቀመጥ እንደሚወርደው አድርጎ ወረደ። ደግሜ አልነካሁትም። ከመዝገብ ቤት ያወጣሁትን የዱሮውን አቴንዳንስ ደብተር መድረኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሰው ጠበቅኩ።

አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ዲኑ ማይክራፎኑን ሁለቴ አስጮኸውና አገልግሎት ስለሚባለው ነገር የማያልቅ ንግግር አደረገ። እኔ አሥራ ስምንት ላይ ተቀምጫለሁ። በስተቀኜ አሥራ ዘጠኝ፣ ፋርማሲስቱ፣ ሽቶውን ተቀብቶ። በስተግራዬ ባዶው ወንበር፣ ተዘርግቶ። ከአሥራ ስድስት ጋር ላለመተያየት ጉልበቴን አሻሸሁ። በግራ በኩል እጄ ላይ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ የማቀዝቀዣ ክፍል በር የተከፈተ ያህል።

ሚዛን በእህታቸው ልጅ ተደግፈው መድረክ ወጡ። ጋወኑ ይሰፋቸዋል። ሜዳሊያው ሲጠለቅላቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተቀበሉ፣ አላዩትም። ተቀምጠው አቴንዳንሱን ከፈቱ፣ በጣታቸው ያን ቀን ፈለጉ። ጭብጨባው ቆመ።

«አንድ።»

«አለሁ።»

«ሁለት።»

«አለሁ።»

አልቸኮሉም። እያንዳንዱን ድምፅ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙና ምልክት ያደርጋሉ። አሥራ አምስት ላይ እቆማለሁ ብዬ ምርኩዜን ጨበጥኩ። አሥራ ስድስት ጉሮሮዋን ጠርጋ «አለሁ» አለች።

«አሥራ ሰባት።»

መቆም ነበረብኝ። እግሬ እምቢ አለኝ ብዬ በጉልበቴ ላሳብብ እችላለሁ፤ ግን እግሬ ደህና ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ ዝም አልኩ።

አዳራሹ ዝም አለ። ሚዛን ጠበቁ። ሌሎቹ መምህራን ለአፍታ ነው የሚጠብቁት፤ እሳቸው ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ከኋላ የሆነች ሴት ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሚዛን ትንፋሻቸውን ለቀቁ። በማይክራፎኑ ሰማነው፣ ከሆድ ዕቃ ውስጥ የወጣ ረጅም ትንፋሽ። ትከሻቸው ወረደ፣ ፊታቸው ፈታ አለ፣ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። አለቀ፣ ተገላገልኩ አልኩ በሆዴ።

«አሥራ ስምንት» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ ከመውጣቱ በፊት፣ በስተግራዬ፣ ጆሮዬ ሥር፣ «አለሁ» ተባለ። ከኋላውም ትንሽ ሳቅ።

የልጅ ድምፅ ነው፣ የሃያ ዓመት። ያን ሳቅ ሠላሳ አንድ ዓመት አልሰማሁትም ነበር። አሥራ ስድስት ወደ ባዶው ወንበር ዞራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፋርማሲስቱ ክንዴን ጨመቀኝ። ከኋላችን ያሉት እንግዶች ግን ምንም አልመሰላቸውም፤ አሥራ ስምንት ተጠራ፣ አሥራ ስምንት መለሰ። መልሽልኝ ብላኝ መለስኩላት፤ አሁን ደግሞ መለሰችልኝ።

የሚዛን እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ቀና አሉ። ከመነጽራቸው በላይ ቀጥ ብለው እኔን አዩኝ።

«ይህ ያንቺ ድምፅ አይደለም» አሉ። «ይህ የእሷ ነው። ይኸው ሳቀች።» እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «ይህ የእሷ ከሆነ ያን ቀን ያልሳቀችው ማን ናት?»

ዲኑ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ቆመ፣ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት። ምርኩዜን ተደግፌ ተነሳሁ፤ ጉልበቴ ሲንቋቋ ለራሴ ይሰማኛል።

«እኔ ነኝ ቲቸር» አልኩ። «አውቶብስ ያመልጠኛል ብላ መልሽልኝ አለችኝ። የሄደች መስሎኝ ነበር። ሁለቴ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም ደበቅኩ። ፋይልዎንም የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

«ከብረቱ በር በኩል ነበር የመጣው።»

«እኔ ነበርኩ እዚያ በኩል የቆምኩት።»

«ከውስጥ አልመለሰችልኝም?»

«አልመለሰችም። አልለመነችዎትም ቲቸር። እኔ ነኝ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያስቀመጥኩት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት እጃቸውን አቴንዳንሱ ላይ ዘረጉ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስተው የሆነ ነገር ጻፉ።

«አሥራ ዘጠኝ» አሉ።

«አለሁ» አለ ፋርማሲስቱ።

ጨርሰው ዘጉት። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። የእህታቸው ልጅ ደግፋ ስታወርዳቸው እኔ ከደረጃው ሥር ቆሜ ነበር፤ አቴንዳንስ ሲያልቅ መዝገብ ቤት ነው የሚረከበው፣ ልማዱ እንደዚያ ነው። ደብተሩን እጄ ላይ አኖሩልኝ። እዚያው ገለጥኩት። በአሥራ ሰባት ፊት የዱሮው ምልክት ተሰርዞ «ቀሪ» ተብሏል፣ ጥርት ባለ በዚያ በዱሮው ጽሕፈታቸው። በአሥራ ስምንት ፊት የነበረውም ተሰርዟል። በምትኩ ግን ምንም አልተጻፈም።

«የእኔስ ቲቸር?» አልኩ።

«አንቺን ገና እየመዘንኩ ነው» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ስለሚሠሩት ሥራ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት። ሁለት እርምጃ ሄደው ለእህታቸው ልጅ «ሰኞ አናጢ ጥሪልኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። «በሮቹን ይመልስልን።» ልጅቷ እዚያው ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች።

ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ቆየሁ። የክፍሌ ሰዎች በአጠገቤ ሲያልፉ አንዳንዱ ትከሻዬን ነካ፣ አንዳንዱ ፊት ነሳኝ። ዲኑ ሰኞ ቢሮው እንድመጣ ነገረኝ፤ «እርስዎ» ማለቱን አልተወም፣ ዓይኑን ግን አላሳረፈብኝም። እሺ አልኩት። የሚለኝን ሁሉ አውቀዋለሁ።

ብቻዬን ስቀር ወንበሮቹን ልቆጥር ወደ ፊተኛው ረድፍ ተመለስኩ። ከበዓል በኋላ መቁጠር ሥራዬ ነው። አሥራ ሰባት ታጥፎ ቀጥ ብሏል፤ እጄን ሳሳርፍበት ሞቅ ይላል። ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ሁሉም ታጥፈዋል። አሥራ ስምንት ብቻ፣ ከተነሳሁበት ጀምሮ፣ ተዘርግቶ ቀርቷል።

ወደ ላይ ገፋሁት። ወጣ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ሁለቴ ሞከርኩ። ከዚያ ምዘናው እስኪያልቅ ቦታዬ እዚህ ነው ብዬ ደብተሩን ታቅፌ ተቀመጥኩበት።